ጥያቄዎቻችሁ፦ ወረዳው ወይስ አዲስ አበባ?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የባሶና ወራና ወረዳ ገበሬ ነኝ። የፌዴራል መንግሥት በሚያሠራው መንገድ ምክንያት ግማሽ ሄክታር መሬቴን እንድለቅ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ የካሳው ግምት ግን አንሶብኛል። ወረዳው «የፌዴራል ሥራ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ይላል። አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ «ወደ ወረዳዎ ይመለሱ» ተባልኩ። ማንን ልጠይቅ?

መልስ፦ ወረዳውን። አዲስ አበባ የነገሩዎት ትክክል ነው። ሕገ መንግሥቱ በመሬት ላይ ያለውን ሥልጣን ለሁለት ከፍሎታል። ሕጉን የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው (አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 5)። በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን የሚያስተዳድረው ደግሞ ክልሉ ነው (አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2 መ)። የመንገዱ ባለቤት ማንም ይሁን ማን ይህ አይለወጥም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት የሚያስለቅቀውም ካሳ የሚከፍለውም የወረዳው ወይም የከተማው አስተዳደር ነው፤ መንገድ አሠሪው ከእርስዎ ጋር አይዋዋልም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በምልልሱ ነው። አቤቱታ የሚቀርበው ትዕዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ የጠፋው ቀን አይካካስም። ስለዚህ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ጽፈው ይያዙ፤ አቤቱታውን ለአቤቱታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ያስገቡና ቀሪው ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱበት። በቃል የተነገረ ቅሬታ በኋላ ማስረጃ አይሆንም። ውሳኔው ካላረካዎት ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤው፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ ለእርስዎ ደብረ ብርሃን ማለት ነው።

አቤቱታው «አንሶኛል» ብቻ የሚል ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ሒሳቡን ያሳዩ። ምትክ መሬት ሳይሰጠው በዘላቂነት ለሚለቅ ባለይዞታ ካሳው የሚሰላው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ነው። ለምሳሌ ከግማሽ ሄክታሩ በጥሩው ዓመት 10 ኩንታል ገብስ ቢያገኙና ኩንታሉ 5,000 ብር ቢያወጣ፣ 50,000 ብር በ15 ሲባዛ 750,000 ብር ይመጣል። ገማቾቹ የያዙት የትኛውን ዓመት፣ የትኛውን ሰብልና የየትኛውን ገበያ ዋጋ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ባሕር ዛፉ፣ አጥሩና ጉድጓዱ ከምርቱ ተለይተው የሚገመቱ ንብረቶች ናቸው። ዛፉን በውፍረቱ ለይታችሁ ከኮሚቴው ጋር አብራችሁ ቁጠሩ፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚቆጥርልዎ የለም። የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስፋትም ከተለካው ጋር መመሳሰሉን ይመልከቱ።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትስ? መጨረሻ ላይ ሊደርሱበት ይችላሉ፤ ግን የግምት ማነስ ብቻ አያስገባም። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖር አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ የክልል ጉዳይ ሲሆን በክልሉ ሰበር ካለፈ በኋላ የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ያለው መሆኑም ይታያል። አቤቱታውን ሦስት ዳኞች መርምረው ያስቀርባል ካሉ አምስት ዳኞች ይሰሙታል።

ጥያቄ፦ እኔ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ በዚሁ ከተማ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ከደመወዛችን የሚቆረጠው ግብር የሚገባው ለአንድ ካዝና ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የእርስዎ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 ለፌዴራሉ ይገባል፤ የባለቤትዎ በአንቀጽ 97 ለክልሉ። የግል ፋብሪካ ሠራተኛ ግብርም የክልሉ ነው፤ ስለዚህ ከተማዋ ዙሪያ የሚከፈቱት ፋብሪካዎች ለክልሉ የሚያስገኙት አንዱ ገቢ የሠራተኛው ደመወዝ ነው። የግለሰብ ነጋዴ ትርፍ ግብር የክልል ሲሆን፣ የኩባንያ ትርፍ ግን በአንቀጽ 98 የጋራ ነው። ሱቅዎን ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የምትቀይሩ አንባቢዎች፣ ከነበራችሁበት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ክሊራንስ ሳትይዙ ፋይል አትክፈቱ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው። የፌዴራል ኃይል ክልሉ ሳይጠይቅ መግባት ይችላል?

መልስ፦ መደበኛው መንገድ በጥያቄ ነው። የፖሊስ ኃይል ማደራጀትና የክልሉን ሰላም መጠበቅ የክልሉ ሥልጣን ነው (አንቀጽ 52)፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ክልሉ ሲጠይቅ የፌዴራል ኃይል ይሰማራል (አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14)። ያለ ጥያቄ የሚያስገቡ በሮችም አሉ። አንድ ክልል ሕገ መንግሥቱን ጥሶ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጣልቃ እንዲገባ ያዝዛል (አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 9)። ሰብዓዊ መብት ሲጣስና ክልሉ ማስቆም ሲያቅተው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጉዳዩን ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር ለሚያደርገው የጋራ ስብሰባ ያቀርባል (አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 16)። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 359/1995 ተቀምጧል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሌላ ነገር ነው። ክልል በራሱ ማወጅ የሚችለው ለተፈጥሮ አደጋና ለወረርሽኝ ብቻ ነው፤ የጸጥታው የፌዴራል ነው። በክልላችን በአማራ የክልሉ ጥያቄና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተያይዘው ታይተዋል፤ የክልሉ መንግሥት ጥያቄ አቅርቦ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን 2015 አወጀ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በነሐሴ አጸደቀ፣ በጥር 2016 ደግሞ ለአራት ወር አራዘመው። አንቀጽ 93 ለመጀመሪያው እስከ ስድስት ወር፣ ለእያንዳንዱ ማራዘሚያ አራት ወር ይፈቅዳል። ስንት ጊዜ ሊራዘም እንደሚችል ግን ገደብ አላስቀመጠም፤ በእኛ ግምት የአንቀጹ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው።