የትኛውን ነው የሸጥሽው?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የዘፈን ግጥም ደራሲ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ግጥሙን ሸጬ ብሩን ተቀብያለሁ። አሁን ቃሉ ተለውጦ በሬዲዮ ማስታወቂያ ሲዘፈን ሰማሁት። ምን የማለት መብት አለኝ?» ጥያቄዋ ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ወረቀት አስታወሰኝ። በምስክርነት ፈርሜበታለሁ፤ ያኔ ልናገር የሚገባኝን ግን አልተናገርኩም።

ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ ግማሽ ገጽ ነው፤ 1998 ዓ.ም.። «ለ6 ዘፈን ግጥም ዋጋ ብር 4,800 ተቀብያለሁ» ይላል፤ ከስሩ ቀንና ፊርማ። ሌላ ምንም የለበትም። የግጥሞቹ ርዕስ አልተጠቀሰም። ለካሴት ይሁን ለመድረክ፣ ለስንት ዓመት ይሁን አይታወቅም። ገጣሚው የቤት ኪራይ ስለነበረበት ቸኩሏል። ግጥሞቹ በእጁ የተጻፉበትን ደብተርም ቅጂ ሳያስቀር አስረከበ። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የድምፃዊውና የአቀናባሪው ስም አለ፤ የእሱ የለም። ዓመታት አልፈው አንዱ ዘፈን የጥሪ ማሳመሪያ ሆነ፤ የሌላው አዝማች ደግሞ ተለውጦ ሸቀጥ ማስተዋወቂያ ሆነ። ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ «ሸጠኸዋል» የሚል ብቻ ነበር። እሱም ራሱ የሸጠ መስሎት ዝም አለ።

አልሸጠም ነበር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው፣ ማለትም ሥራውን ለፈጠረው ሰው፣ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት (ከሥራው ገቢ የሚገኝበት መብት) አንድ ጥቅል ዕቃ አይደለም። ማባዛት፣ መተርጎም፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ መለወጥ፣ በሽያጭ ወይም በኪራይ ማሰራጨት፣ ከውጭ ማስገባት፣ ለሕዝብ ማሳየት፣ መድረክ ላይ መከወን፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተላለፍ፣ በሌላ መንገድ ለሕዝብ ማድረስ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይቆማሉ። በጽሑፍ ተለይቶ ያልተጠቀሰ መብት እንደተላለፈ አይቆጠርም። ሥዕል የገዛ ሰው ሸራውን ወሰደ እንጂ ፖስትካርድ እያተመ የመሸጥ መብት አላገኘም፤ ግጥምም እንዲሁ ነው። ስሙ መቅረቱና አዝማቹ መበላሸቱ ደግሞ የሞራል መብት፣ ማለትም ስሙ እንዲጠቀስና ሥራው እንዳይበላሽ የመጠየቅ መብት፣ ጉዳይ ነው። ይህ መብት የኢኮኖሚ መብቱ ቢሸጥም ከአመንጪው ጋር ይቀራል፤ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳም በአዋጁ ከ100,000 ብር አያንስም።

ሰውየው ይህን ሳይጠይቅ አረፈ። ጥበቃው ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ስለሚዘልቅ ልጆቹ መጠየቅ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ደብተሩ የለም፣ ወረቀቱ ላይ ርዕስ የለም። ግጥሞቹ የአባታቸው መሆናቸውን በምን ያሳዩ?

ስለዚህ ውል ስትጽፉ የእያንዳንዱን ግጥም ርዕስ ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያ ስንኙንም አስፍሩ፤ ርዕስ ስቱዲዮ ውስጥ ይለወጣል። የፈቀዳችሁትን በግስ ጻፉት፦ «እንዲቀዳ፣ እንዲባዛ፣ እንዲሸጥ»። «ሙሉ መብት» የሚል ቃል ካያችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ማስታወቂያ፣ የጥሪ ማሳመሪያ፣ ፊልም የየራሳቸው ዋጋ ይኑራቸው። ዘመኑን በዓመት ቁጥር ወስኑ። ስማችሁ የት ቦታ፣ በምን አጻጻፍ እንደሚወጣ ይጠቀስ። ሥራው በ12 ወር ውስጥ ካልወጣ መብቱ እንደሚመለስ ጨምሩ፤ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ግጥም ብዙ አይቻለሁ። በየገጹ ፈርሙ፤ 2 ምስክር ይፈርም፣ ምስክሩም አንብቦ ይፈርም።

የዛሬ ወጣቶች በአንድ ነገር ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ስልካችሁ ቀኑን ይመዘግባል። ግን በድምፅ መልእክት ተስማምታችሁ ብር በስልክ ከተቀበላችሁ በኋላ ነው ውል የምትፈልጉት። «ሐሳቤን ሰረቁኝ» የሚል አቤቱታም በዝቷል፤ ሕጉ የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ወጥ ሥራ፣ ከሌላ ያልተገለበጠውን፣ ነው። የተጻፈ ወይም የተቀዳ ነገር ያስፈልጋል። ጥበቃው ምዝገባ አይጠይቅም። ቢሆንም አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ሄዳችሁ አስመዝግቡ እላለሁ፤ የእነዚያ ልጆች እጅ ላይ አንድ የምስክር ወረቀት ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

አንቺ ጠያቂዬ ደግሞ የላክሽልኝን የውልሽን ፎቶ ደጋግሜ አነበብኩት። «ለአልበም» ይላል፤ ማስታወቂያ የሚል ቃል የለበትም። አዝማቹን መለወጥም አልፈቀድሽም። ማስታወቂያው የተላለፈበትን ጣቢያ፣ ቀንና ሰዓት ዛሬውኑ ጻፊ፣ ድምፁንም ቅጂ፤ ከአየር ከወረደ በኋላ ማግኘት ይከብዳል። ደውለው «እንነጋገር» ቢሉሽ በጽሑፍ ይላኩልሽ። ረቂቅሽ በእጅሽ የተጻፈ ከሆነ ዋናውን ለማንም አትስጪ።