በካርናክ ፀሐይ «ደከመኝ» ያለችው ሚስት

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በትዳር ስድስት ዓመት ቆይተናል። ለረጅም ጊዜ ገንዘብ አጠራቅሜ በነሐሴ ወር ግብፅ፣ ሉክሶር ወሰድኳት። ጠዋት በዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ የነገሥታቱን ሸለቆና የንግሥት ሐትሼፕሱትን ቤተ መቅደስ አየን፤ ቀትር ላይ ካርናክ ከተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ደረስን። 134 ዓምዶች የቆሙበትን ታላቅ አዳራሽ፣ በተለይ 21 ሜትር ገደማ የሚረዝሙትን የመካከሉን 12 ዓምዶች ካየን በኋላ ግን ሙቀቱ ለእሷ ከብዷት ከግንብ ጥላ ሥር ተቀመጠችና «ከዚህ በላይ አልችልም» አለችኝ። «ለዚህ ነው ይህን ያህል መንገድ የመጣነው?» ብያት የቀረውን ብቻዬን አንድ ሰዓት ያህል ዞርኩ። ስመለስ ወደ ሆቴል ሄዳ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳኮረፈች ናት። እኔ በልጅነቴም «ደከመኝ» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የማደርግላትን የማታመሰግነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ይህን ጉዞ ለማሳካት የከፈሉትን ድካም አቅልዬ አላየውም። ሆኖም ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው የዓምዶቹን ቁጥርና ቁመት እንጂ የባለቤትዎን ፊት አላገኘሁበትም። ስትቀመጥ ምን ትመስል እንደነበር፣ ራሷን አሟት እንደሆነ አልጻፉልኝም። ከዚህ ይበልጥ ያስገረመኝ ደግሞ «ሙቀቱ ለእሷ ከብዷት» የሚለው አገላለጽ ነው። ለመሆኑ እርስዎስ አልሞቀዎትም?

በነሐሴ የሉክሶር ቀትር ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። የካርናክ አዳራሽ ጣሪያው ከፈረሰ ዘመናት ያለፉት ሲሆን፣ ድንጋዩ የጠጣውን ሙቀት መልሶ ይተፋል፤ አየሩም ደረቅ በመሆኑ ላቡ ሳይታይ ስለሚተን ሰው ምን ያህል ውኃ እንዳጣ ሳያውቀው ይቆያል። እንዲህ ባለ ሰዓት ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትዕግሥትም ያጥራል። ጥላ ፈልጎ መቀመጥ ትክክለኛው እርምጃ ነበር፤ ባለቤትዎ ያደረገችውም ይህንኑ ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የቆምኩበት ግን ስለ ልጅነትዎ በኩራት የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ደከመኝ» ማለትን ያልለመደ ልጅ ድካም የሌለበት ልጅ አይደለም፤ ድካሙን ሌላው ቀርቶ ከራሱም መሸሸግን የተማረ ልጅ ነው። ይህ ልጅ አድጎ ትዳር ሲይዝ፣ እሱ ለዓመታት ያፈነውን ቃል አጠገቡ ያለ ሰው ያለ ፍርሃት ሲናገረው ሲሰማ፣ ቃሉ የሰውነት ስሜት መግለጫ መሆኑ ቀርቶ እንደ ስንፍና፣ እንደ ውለታ ቢስነት፣ አንዳንዴም እንደ ክህደት ይሰማዋል። በግምቴ ከግንቡ ሥር የሆነው ይህ ነው፤ ባለቤትዎ የሁለታችሁንም ድካም በአንድ አፍ ተናገረች፣ እርስዎ ግን «ስጦታህ አልጣመኝም» እንዳለችዎ አድርገው ሰሙት። የመለሱላትም ለሰሙት እንጂ ለተናገረችው አልነበረም። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ ጽናት በብዙ ቤት የሚመሰገን በመሆኑ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ግን ለራሱ የማይራራ ሰው ለሚወደው ሰው መራራት ሲያቅተው ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ባየሁ ቁጥርም ያሳዝነኛል።

እንግዲህ የምስጋናውን ጥያቄ ለጊዜው ያቆዩት። ያኮረፈችው በጉዞው ሳይሆን ብቻዋን በቀረችበት ሰዓት ይመስለኛል፤ በእርግጥ የእሷን ቃል ስላልሰማሁ ልሳሳት እችላለሁ። ምናልባት «እኔም ሙቆኝ፣ ደክሞኝም ነበር» ብለው ቢጀምሩ፣ ከዚያም «ግን» የሚለውን ቃል ባያስከትሉ መልካም ነው። ወዲያው ካልመለሰችልዎ አያስጨንቋት፤ ቃሉ ከእርስዎ ሲመጣ አዲስ ስለሚሆንባት ለማመን ጊዜ ያስፈልጋት ይሆናል። ዝምታው ከቀጠለ ሁለታችሁም አብራችሁ የጋብቻ አማካሪ ፊት ብትቀርቡ እመርጣለሁ፤ የልጅነቱን ነገር በደብዳቤ መጨረስ አይቻልምና።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ ያቺን አንድ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፈች፣ የሚጠጣ ውኃስ በእጇ እንደነበር።