ጋሽ ፎርማንን ጠይቁ፦ ክረምት ሳይገባ የአሸንዳ መውረጃችሁን እዩት

ግንቦት ሲጋመስ ወደዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለ ጣራ ይሆናል። ዘንድሮ ደግሞ አብዛኛው ስለ አሸንዳ መውረጃ ነው፣ ያው ሰራተኛው ዳውን ፓይፕ የሚለው ማለት ነው። ጥሩ ነው እንደውም፣ ሰው ቆርቆሮ ይቀይራል አሸንዳ ይቀይራል፣ ያቺን ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ቱቦ ግን ቀለም ቀቢ ካልመጣ በስተቀር ዞር ብሎ የሚያያት የለም፣ የጣራው ውሃ በሙሉ የሚያልፈው ግን በሷ ነው። 100 ካሬ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ እንበል፣ 2000 ሊትር ውሃ ማለት እኮ ነው፣ አንድ ትልቅ ሮቶ ሙሉ። ቱቦዋ አልቀበልም ካለች ያ ሁሉ ውሃ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግድግዳውን ነው። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ጎፋ ነው፣ ብሎኬት ቤት። በጓሮ በኩል ያለው የመኝታ ቤት ግድግዳ በየክረምቱ ይረጥብና ቀለሙ ይላጣል፣ ሻጋታም ያበቅላል፣ ልጄን ሳል አይለቃትም። ባለሙያ ጠርተን የቱቦውን መጋጠሚያ ሁሉ በሲልከን ደፍኖልን ነበር፣ አንድ ክረምት እንኳን አልቆየም። አሁን ደግሞ ሙሉውን ቀይሩት እያሉን ነው፣ ይቀየር ወይስ ይጠገን? (የጎፋዋ እናት)

መልስ፦ እህቴ ቆይ ገንዘብሽን አታውጪ። መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደሚጀምር እዪልኝ። ከላይ ኮርኒሱ አካባቢ ከሆነ ችግሩ ያለው አሸንዳውና ቱቦው የሚገናኙበት አፍ ላይ ነው። መሀል ግድግዳ ላይ ጀምሮ ወደታች እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ መጋጠሚያ ነው። ከወለል ተነስቶ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ከሆነ ግን ቱቦው ምንም አላጠፋም፣ ውሃው መሬት ላይ ወርዶ የሚረጨው ወይ ደግሞ መሰረቱ ስር የሚጠራቀመው ነው፣ እሱን ደግሞ የፈለገ ሲልከን ቢደፈን አይሰማም።

መጋጠሚያ ነው ብለሽ ከጠረጠርሽ ጠጋ ብለሽ እዪው። የላይኛው ቁራጭ ጫፍ የታችኛው ውስጥ መግባት አለበት፣ ስለዚ የሚታይሽ ጠርዝ ወደ ላይ የዞረ ነው። ጠርዙ ወደ መሬት ካየ ተገልብጦ ነው የተሰካው ማለት ነው፣ ውሃው በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ያመልጥና በቱቦው ላይ በውጪ በኩል ይወርዳል፣ ቱቦውን ግድግዳ ላይ የሚያስረው ክላምፕ ጋር ሲደርስ በክላምፑ ይዞ ወደ ግድግዳ ይሻገራል። ከክላምፑ ስር ቡናማ የዝገት መስመር ግድግዳው ላይ ወርዶ ካየሽ በቃ እሱ ነው። ይሄ ነገር ስንትና ስንት ቤት ላይ አለ መሰለሽ፣ ሰራተኛው በሀሳቡ ያለው ከውጪ የሚመታው ዝናብ ስለሆነ እንደ ቆርቆሮ አደራረብ የላይኛውን ከላይ ያለብሰዋል፣ የቱቦ ውሃ ግን ያለው ከውስጥ ነው እኮ! ደግሞ የላሜራው ስፌት ወደ ግድግዳ የዞረ እንደሆነ እዪ፣ ስፌት ሁልጊዜ ወደ ውጪ ነው የሚዞረው፣ አንድ ቀን ቢከፈት እንኳን አፍሶ ታዪዋለሽ፣ ወደ ግድግዳ ከዞረ ግን የምታውቂው ቀለሙ ሲላጥ ነው።

ሌላው መዘጋት ነው። በመጥረጊያ እንጨት ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ቀስ አድርገሽ አንኳኪው፣ ባዶው ይጮሃል፣ የታፈነበት ቦታ ስትደርሺ ድምፁ ይደፈናል። ታፍኖ ውሃ ከቆመበት የውሃው ክብደት በየስፌቱ እየገፋ ይወጣል፣ ያኔ መጋጠሚያ መድፈን ዋጋ የለውም፣ አንዱን ስትዘጊው በሌላው ነው የሚመጣው።

ስለ ሲልከኑ አንድ ነገር ልበል፣ እርጥብ ላይ ዝገት ላይ አቧራ ላይ አይዝም፣ ሰራተኞቻችን ደግሞ ሳይጠርጉ ነው የሚለቀልቁት። በዛ ላይ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው ሲልከን አሲድ ስላለው የጋልቫናይዝዱን (እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠውን ላሜራ) ዚንክ ይበላዋል፣ ስለዚ የሚቀጥለው ዝገት የሚጀምረው እዛው ሲልከኑ ስር ነው። የግድ ካስፈለገ ኒውትራል የሚለውን ጠይቂ፣ እሱ ሆምጣጤ አይሸትም። በትክክል የተሰካ መውረጃ ግን እንደውም ሲልከን አያስፈልገውም።

እና ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ላሜራውን በመፍቻ ጫፍ ጫን ጫን አድርጊው፣ የሰመጠው ቁራጭ አልቆለታል ይቀየር፣ ጠንካራው ይቆይ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው የታችኛው ኤልቦ፣ ያ እንደ ክርን የታጠፈው ቁራጭ ነው፣ በተለይ ጫፉ ሲሚንቶ ውስጥ ከተቀበረ እዛች ጋ ውሃ እየያዘ ይበሰብሳል። የቀረው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ተቀብቶ ቀለም ቢደረግለት አመታት ያገለግላል። አዲሱ ቁራጭ ላይ ግን ዘይት ቀለም ቀጥታ እንዳይቀቡብሽ፣ አዲስ ጋልቫናይዝድ ላይ አይዝም፣ እንደ ወረቀት ተልጦ ይወርዳል፣ መጀመሪያ ለጋልቫናይዝድ የተሰራ ፕራይመር ነው የሚቀባው። መልሰው ሲሰቅሉት ከግድግዳው 3 ሳንቲም ያህል ይራቅ፣ ግድግዳው እንዲደርቅም ብሩሽ እንዲገባም፣ ክላምፑ በየ 2 ሜትሩ ወይ ከዛ ባነሰ ርቀት በፊሸርና በቪቴ ይታሰር፣ ሚስማር አትቀበይ።

ታች ላይ ደግሞ ኤልቦውን አዙረው ውሃውን ወደ ቦይ የሚወስድ ተዳፋት ያለው ሲሚንቶ ይስሩለት፣ መሰረቱ ስር እንዳይጠጣ። መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ በተለይ ይሄን አትለፉት፣ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል በበጋ ይሰነጠቃል፣ እሱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ግድግዳው አብሮ ይሰነጠቃል። ግድግዳውን ሳይደርቅ ቀለም እንዳታስቀቢ፣ ሻጋታው ይፈቅና እስከ ጥቅምት ቢታገሱት ጥሩ ነው። ለልጅቷ ሳል ግን ሀኪም ይያት።

ጥያቄ፦ አያት አካባቢ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ነው ያለኝ፣ ጣራው ዙሪያውን በፓራፔት (ከጣራው ጠርዝ በላይ ከፍ ብሎ በሚሰራ ግድግዳ) ተሸፍኖ ስለሆነ አሸንዳው አይታይም፣ መውረጃው ደግሞ ኮለን (የቤቱ ምሰሶ) ውስጥ ተቀብሯል። አምና ነሐሴ ላይ በረዶ ጥሎ ሳሎን ኮርኒሱ ተደርምሶ ወረደ። ቆርቆሮው ግን ተፈትሾ አንድ ቀዳዳ የለውም። ምንድነው ነገሩ? (ከአያት)

መልስ፦ ወንድሜ ቆርቆሮህ ንፁህ ነው። ይሄ ፓራፔት የሚባል ፋሽን ቤቱን ከመንገድ ላይ ሲያዩት ያሳምራል፣ ግን ጣራውን ገንዳ ያደርገዋል። የተለመደው አሸንዳ ከተዘጋ ውሃው በጠርዙ ገንፍሎ ግቢ ውስጥ ይወርዳል፣ ትናደዳለህ ግን ቤትህ አይጎዳም። ፓራፔት ጀርባ ያለ አሸንዳ ግን ሲሞላ መውጫው ወደ ውስጥ ብቻ ነው፣ ቆርቆሮው ጫፍ ስር ገብቶ ኮርኒስ ላይ ይተኛል። የአዲስ አበባ በረዶ ደግሞ ቅጠሉን እየገፋ ይመጣና የቱቦውን አፍ በአምስት ደቂቃ ይከድነዋል፣ በላዩ ዝናቡ አያቆምም።

መጀመሪያ የምታሰራው የትርፍ ውሃ ማስወጫ ነው። ፓራፔቱ ይበሳና ቁራጭ ቱቦ ወደ ውጪ ይውጣለት፣ ከፍታው ከአሸንዳው ወለል ከፍ ያለ ከቆርቆሮው ጫፍ ግን ዝቅ ያለ ይሁን። በሱ በኩል ውሃ ሲፈስ ካየህ ዋናው ተዘግቷል ማለት ነው፣ ማስጠንቀቂያም ይሆንሃል። እንዲህ ርካሽ ስራ ሆኖ ለምን በየቤቱ እንደማይደረግ እስካሁን አይገባኝም።

ከዛ ቁጥሩን እየው። እኛ በልምድ የምንይዘው ለ 1 ካሬ ሜትር ጣራ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የቱቦ አፍ ነው። 75 የሚባለው ፒቪሲ ወደ 40 ካሬ ሳንቲም ነው ያለው፣ 110ሩ ወደ 85። ጣራህ 150 ካሬ ከሆነና ሁለት 75 ብቻ ከተቀበረልህ ግማሹን ነው የሚችሉት፣ ሁለት 110 ግን ይበቃሃል። አፉ ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ወንፊት አታድርግበት፣ አንድ ሰፊ ቅጠል ተኝቶበት ይዘጋዋል፣ ከሽቦ እንደ ቅርጫት ወደ ላይ ያበጠ ተሰርቶ ይቀመጥ፣ ስሩ ቢታፈን በአናቱ ያስገባል።

ኮለን ውስጥ ያለው ቱቦ ካፈሰሰ ግን ኮለን አታስቀጥቅጥ በናትህ፣ ውስጡ ያለውን ብረት፣ ፌሮውን ነው የምትነካው። አፉን ዘግተህ አዲስ ቱቦ በውጪ በኩል አውርድ። ትንሽ ያስቀይማል ግን አይንህ ስር ይሆናል። ፒቪሲ ከሆነ የኛ ሀገር ፀሀይ ከፍታው ላይ ስለሆንን ጠንከር ያለች ናት፣ ፕላስቲኩን እያደረቀች ታሰባብረዋለች፣ የግድግዳውን ቀለም ቀባው ይጠብቀዋል። መጋጠሚያውን ሁሉ በማጣበቂያ አታስጣብቅ፣ ቱቦው ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፣ 3 ሜትሩ ላይ ግማሽ ሳንቲም ያህል ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚ ሲሰካ ትንሽ ክፍተት ይተውለት አለበለዚያ ራሱን ይሰነጥቃል።

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ ነን፣ የጎረቤት ባህር ዛፍ ቅጠሉን እኛ ጣራ ላይ ነው የሚያራግፈው። መውረጃው በየሳምንቱ ይዘጋል፣ ወንድሜ በፌሮ እየወጋ ይከፍተዋል። ሌላ ዘዴ አለ?

መልስ፦ ፌሮውን ጣሉት! ላሜራው ስስ ነው፣ ክርኑ ጋር ሲደርስ ይበሳዋል። ደግሞ ከላይ ሲወጋ ቅጠሉን እያጠበቀው ነው የሚሄደው። ሁሌም ከታች ነው የሚጀመረው፣ የታችኛውን ኤልቦ ፍቱት፣ ብዙ ጊዜ እዛው ነው ቡሹ ተጠቅጥቆ የሚገኘው፣ ቅጠል ከአቧራና ከወፍ ጎጆ ጋር ተቦክቶ። ካልሆነ ኤሌክትሪሺያን ሽቦ የሚስብበትን ተጣጣፊ ነገር ወይ አሮጌ የውሃ ጎማ ከታች ወደ ላይ እየገፋችሁ አፍርሱት፣ ከተከፈተ በኋላ ነው ከላይ በጎማ ውሃ የሚለቀቀው። ሳይከፈት ውሃ ብትለቁ መጋጠሚያው ይፈታል።

አሸንዳውም ወደ ቱቦው አፍ መዳፋቱን እዩ፣ በየ 3 ሜትሩ 1 ሳንቲም ያህል ዝቅ ማለት አለበት፣ ውሃ ተኝቶበት የሚቀር ከሆነ ቅጠሉ እዛው ይበሰብሳል። ባህር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ስለሚያራግፍ ሰኔ መጀመሪያና ሐምሌ አጋማሽ ላይ መውጣታችሁ አይቀርም፣ ቅርንጫፉን ደግሞ ጎረቤትን በሰላም አነጋግሩ። መሰላል ስትዘረጉ ከፖል ወደ ቤቱ የሚገባው የመብራት ገመድ የት እንዳለ መጀመሪያ እዩ፣ ብዙ ቤት ላይ አሸንዳው አጠገብ ነው የታሰረው። እርጥብ መሰላል፣ ብረት አሸንዳና የተላጠ ገመድ አንድ ላይ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነው። ቤት ከገዛን ገና አመታችን ነው፣ ዝናብ ሲጥል ቤዝመንቱ (ከመሬት በታች ያለው ክፍል) ጥግ ላይ ይረጥባል። ውሃ መከላከያ የሚሰራ ድርጅት በብዙ ሺ ዶላር አስልቶ ላከልን። ከጥጉ በውጪ በኩል ዳውንስፓውቱ (የአሸንዳ መውረጃው) መሬት ውስጥ ባለ ቱቦ ነው የሚገባው።

መልስ፦ ዶላሩን ከማውጣትህ በፊት ያቺን ቱቦ ከመሬቱ ንቀላትና ጫፏ ላይ 6 ፊት (ጫማ) ያህል ማራዘሚያ አድርገህ ወደ ሳሩ ልቀቃት፣ ከዛ አንድ ሁለት ከባድ ዝናብ ጠብቅ። ጥጉ ከደረቀ ጥፋተኛዋ የተቀበረችው ቱቦ ነች፣ በስር ወይ በቅጠል ተዘግታ ውሃውን እዛው መሰረቱ ስር እየለቀቀች ነው። መሬቱም ከቤቱ እየራቀ ይዳፋ፣ በ 10 ፊት ውስጥ 6 ኢንች መውረድ አለበት፣ አበባ የሚተከልበት አፈር ከጊዜ ብዛት ተገልብጦ ወደ ቤት የሚያዘነብልበት ቤት ብዙ ነው። እናንተ ጋ ዛፉ ቅጠሉን ከጨረሰ በኋላ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ አስጠርገው፣ ውሃ ይዞ ክረምት የገባ ቱቦ ሲበርድ ውሃው በረዶ ሆኖ ያብጥና ስፌቱን ይቀደዋል፣ ያንተ ስፌት ከኋላ በኩል ከሆነ በባትሪ አይተህ አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ አሸንዳ መውረጃ አጥራችን ስር ነው የሚያፈሰው፣ ተናግሬ ሰለቸኝ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔ ልጅ ከዝናብ በፊት ነው የሚነገረው፣ ዝናብ መሀል የተነገረ ነገር ፀብ ይሆናል። ጥፋቱን በስልክ ቪዲዮ አንሳ፣ በሽማግሌ ፊት አሳየው፣ ብዙ ሰው የሚያፈስበትን በአይኑ ስላላየው ነው የሚከራከረው። መፍትሄው ደግሞ ትንሽ ነው፣ አንድ ኤልቦና ሁለት ሶስት ሜትር ቱቦ፣ ከተቻለ ለሁለት ተካፈሉት፣ ውሃው በሱ ግቢ ዞሮ መንገድ ዳር ወዳለው የዝናብ ቦይ ይውጣ። የሽንት ቤት ማንሆል ውስጥ ልክተተው ካለህ ግን እንዳትስማማ፣ የፍሳሽ መስመር የጣራ ውሃ እንዲሸከም አልተሰራም፣ ሐምሌ ላይ ማንሆሉ ገንፍሎ የሁለታችሁንም ግቢ ያጥለቀልቃል።