ማሲንቆዬ ለምን ይጮህብኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፒያሳ አካባቢ ማሲንቆ መማር ጀምሬያለሁ። መምህሬ ደጋን ከማስጎተት በቀር ዜማ አላስጀመረኝም። በራሴ የትዝታን ቅኝት ብሞክር ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ጣቴም አበጠ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህርህን አትቀየመው፣ ልክ ነው። ጣትህ ያበጠው ክሩን እስከ እንጨቱ ስለምትጫነው ይመስለኛል። ጊታር የነካካ ሰው ሁሉ ይህችን ያደርጋታል! ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፤ ጣት ከጎን ነካ ያደርገዋል እንጂ ከአንገቱ ጋር አያጣብቀውም። ደጋኑንም በጡጫ አትጨብጥ፤ የእጅህ አንጓ ይላላ። ለመሆኑ እጣን ቀብተኸዋል? ያለ እጣን ጭራው ይንሸራተታል፣ ድምፅም አይወጣው። ትዝታን ለጊዜው ተዋት። አንድ ድምፅ ብቻ፣ ረጅም አድርገህ፣ ከደጋኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ጎትት። ጎረቤት ካማረረ ቀን ቀን ተለማመድ።