ቴሌስኮፕ ሳይኖረኝ ግዙፍ ከዋክብትን ላጥና?

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ግዙፍ ከዋክብት እንዴት እንደሚፈጠሩ ማጥናት እፈልጋለሁ። ግን በቴሌስኮፕ ሰማይ አይቼ አላውቅም። ይህ ወደ ኋላ ያስቀረኛል? ከአሁኑስ ምን ልማር?

መልስ፦ አያስቀርሽም። በዚህ ዘርፍ ቴሌስኮፕ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚያድር ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ከዋክብቱ ሲወለዱ በዓይን አይታዩም።

ክብደታቸው ከፀሐይ 8 እጥፍ በላይ የሆኑት ከዋክብት የሚፈጠሩት ጥቅጥቅ ባለ የጋዝና የአቧራ ደመና ውስጥ ነው። ጥድፊያም አለባቸው። ገና ጋዝ እየሳቡ ሳለ ሃይድሮጂን ማዋሃድ ይጀምራሉ። አቧራው ሲገፈፍ ልጅነታቸው አልፏል። በዚያ ላይ ጥቂትና ሩቅ ናቸው፤ ቅርብ የሚባለው የመወለጃ ደመናቸው፣ የኦሪዮን ኔቡላ፣ እንኳ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል።

ሬዲዮና ሚሊሜትር ሞገድ ግን አቧራውን አልፎ ይደርሰናል። ቺሊ ውስጥ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አልማ የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ 66 አንቴናዎች አሉት። እነሱን አጣምሮ በጨቅላው ኮከብ ዙሪያ የሚሽከረከረውን የጋዝ ዲስክ ለይቶ ያሳያል። ዲስኩ የድሮ ጥያቄ ፈቷል፦ የኮከቡ ኃይለኛ ብርሃን የሚመጣውን ጋዝ ገፍቶ ዕድገቱን ለምን አያቆመውም? ጋዙ በዲስኩ በኩል ይገባል፣ ብርሃኑ ከላይና ከታች ያመልጣል።

እኔን ብትጠይቂኝ ሜዘር ላይ አተኩሪ እልሻለሁ፤ ሜዘር እንደ ሌዘር የጎላ፣ ግን በሬዲዮ ሞገድ የሚመጣ የተፈጥሮ ጨረር ነው። የ6.7 ጊጋኸርዝ የሜታኖል ሜዘር የሚገኘው ግዙፍ ከዋክብት በሚወለዱበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ጨቅላ ግዙፍ ኮከብ በድንገት ብዙ ጋዝ ሲውጥ ሜዘሩም አብሮ ደምቋል። ለዚህ ሥራ የግድ አልማ አያስፈልግም። ደቡብ አፍሪካ ሃርተቢስትሁክ ያለው ባለ 26 ሜትር ቴሌስኮፕ ሜዘሮችን ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አሁኑኑ ጀምሪ። ሞገድን ወደ ድግግሞሾቹ የሚከፋፍለውን ሒሳብ፣ የፉሪየር ትራንስፎርምን፣ ለፈተና ብቻ አትሸምድጂው፤ አንቴናዎችን አጣምሮ ምስል ማውጣት ያለ እሱ አይሆንም። የአልማ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ ለሁሉም ክፍት ይሆናል፣ ማቀነባበሪያው ካሳ የተባለ ሶፍትዌርም ነፃ ነው። ለመመረቂያ ሥራሽ ከአልማ የመረጃ ማኅደር ከዋክብት የሚወለዱበት አንድ አካባቢ ብቻ ምረጪ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ቋሚ የምርምር ቦታ ጥቂት ነው፣ ፉክክሩም አይጣል ነው። ፓይተንና የሲግናል ትንተና የምትማሪው በደንብ ይሁን፤ ከሥነ ፈለክ ውጭም ቀጣሪ አያጡም።