ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ኮፓውን አስወርድ

ጥያቄው የመጣው ከገንዳ ውሃ ከተማ ነው። ጠያቂው በመተማ በኩል ሰሊጥ ያመርታል። ለእርሻው ሠራተኞች ውሃ የሚያመላልስበት ባለ 2,000 ሊትር ታንከር የተጫነበት ተጎታች ጎንደር ውስጥ አሠርቷል፤ አሁን እሱን የሚጎትትለት ያገለገለ የናፍጣ ፒካፕ ይፈልጋል። ረጅሙን ደብዳቤ ላሳጥረው፦

«ጋሼ፣ ሁለት መኪና አይቻለሁ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራ ባለ 3.0 ሊትር ቱርቦ ሃይሉክስ ነው። መልኩ አዲስ ይመስላል፣ ጉልበቱም ደስ ይላል። ጠዋት ሲነሣ ግን ለአንድ ደቂቃ ያህል ኳ ኳ ይላል፤ የዘይቱ መብራትም አራት አምስት ሴኮንድ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። ባለቤቱ የናፍጣ ሞተር ጠባዩ ነው ብሎኛል። ወደ አይከል ስንሞክረው የሙቀት መለኪያው ትንሽ ከፍ አለ። ሁለተኛው አሮጌ የላንድክሩዘር ፒካፕ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ዳገት ላይ የሚያዘግም። ደላላው ሃይሉክሱን ሌላ ሰው ሳይቀድምህ ቀብድ ክፈል እያለ ያጣድፈኛል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ደላላው ይጠብቅ። ሃይሉክሱን በዓይኔ አላየሁትም፤ ነገር ግን ጠዋት ኳ ኳ የሚል፣ የዘይት መብራቱ የሚዘገይ፣ ከሞቀ በኋላ ደግሞ እንደ ጨዋ ልጅ ዝም የሚል የዚህ ሞተር ዓይነት ሲነገረኝ እጄ ወዲያው ወደ ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ ይሄዳል። የዘይት መምጠጫው ወንፊት ተደፍኗል ብዬ እገምታለሁ። መነሻው ደግሞ ከላይ ነው፤ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር ያለችው የማሸጊያ ቀለበት፣ ሮንዴላ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለ መኪኖቹ ሁለት ገጽ ጽፈሃል፤ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ይኑረው አይኑረው ግን አንድ ቃል አልጻፍክም። ከሌለው ሁለቱንም መኪኖች ተዋቸውና መጀመሪያ እሱን አሠራ። እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ ሮንዴላዋ። ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፋት ይህቺ ቀለበት ብዙ ሞተር ስለገደለችብኝ ትንሽ ታገሠኝ። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ የሚያርፈው በትንሽ የመዳብ ሮንዴላ ላይ ነው። ሥራዋ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ እንዳያመልጥ መዝጋት ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ሮንዴላዋ ስትለቅ ጋዙ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጭስ ጭስ የሚል ድምፅ ትሰማለህ፣ በኢንጀክተሩ ዙሪያም ጥቁር ቅጥራን ታያለህ፣ ትጠግነዋለህ። በዚህ ባለ 3.0 ሊትር ሞተር ግን ኢንጀክተሩ የቫልቭ ሽፋኑን አልፎ ስለሚገባ ጋዙ የሚያመልጠው ወደ ውጭ ሳይሆን ከሽፋኑ በታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ነው። ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ጥላሸቱ ከዘይቱ ጋር ይበስላል፤ መጀመሪያ ቅጥራን፣ ቀጥሎ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ጠጠሩ ወደ ታች ወርዶ ኮፓው ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ የዘይት ፖምፓው የሚመጥበት ቱቦ አለ፤ አፉ ላይ ወንፊት አለው። ጠጠሩ ሄዶ የሚለጠፈው እዚያ ላይ ነው።

ጠላ ያጠለለ ሰው ቀሪውን ይረዳዋል። አተላው ማጥለያውን ሲሸፍነው ጋኑ ሙሉ ሆኖ እንኳ የሚወርደው ጠብታ ነው። ሞተሩም እንዲሁ፤ ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ብታወጣ ዘይቱ ሞልቷል፣ ፖምፓው ግን አያገኘውም። ጠዋት ዘይቱ ወፍራም ነው፤ በተደፈነው ወንፊት ለማለፍ ጊዜ ይፈጅበታል። የመብራቱ መዘግየት ይህ ነው። ኳኳታው ደግሞ ዘይት ያልደረሰው ብረት ድምፅ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በተበላሸ ኢንጀክተር የሚመጣ ማንኳኳት፤ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ያመጡሃል። ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ እንደምንም ያልፋል፣ ሁሉም ጸጥ ይላል። ለዚህ ነው ብልጥ ሻጭ አንተ ከመድረስህ በፊት ሞተሩን አሙቆ የሚጠብቅህ። ባዶውን ከተማ ውስጥ ሲዞር ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከሁለት ቶን በላይ ጎትተህ ከገንዳ ውሃ ወደ አይከል ስትወጣ ግን ሞተሩ ዘይት አብዝቶ ይፈልጋል፤ ወንፊቱ አይሰጠውም። ቀድሞ ቱርቦው ይሄዳል፣ ቀጥሎ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ኮሎው፣ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ ብረት) ኮሎውን ይዞ ይዞራል። የዚያን ቀን የምትከፍለው የአንድ ሮንዴላ ዋጋ አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንዱን እዚህ አዘዞ አውርጃለሁ። ወንፊቱን አጥቤ ሳይሆን እንደወጣ ወደ ፀሐይ አነሣሁት፤ ከመላው ወንፊት ብርሃን ያሳለፈው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ብቻ ነበረች። የቀረው የቡና አተላ የደረቀበት ይመስላል፤ በካቻቢቴ ስነካው እንደ ቅርፊት ተላቀቀ። ባለቤቱ ከሦስት ቀን በፊት ሌላ ጋራዥ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሮ ነበር። ዘይት መቀየር ወንፊቱን አይነካውም፤ ደለሉ እዚያው ይቀራል። የባሰው ደግሞ ከላይ የጠበቀኝ ነው። ኢንጀክተሮቹን ከዚህ በፊት ያወጣ ሰው አሮጌዎቹን ሮንዴላዎች በእሳት አግሞ መልሷቸዋል፤ አንዷ ላይ ሲሊኮን ቀብቷል። ሲሊኮን! የሚቃጠል ጋዝ በሚነካው ቦታ! ርካሽ ሮንዴላም ከዚህ አይሻልም፤ ውፍረቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፣ ጥቂት ወር ሳይቆይ ይለቃል። የዚህ ሞተር ሮንዴላ የሚገዛው ኦሪጅናል ነው፣ አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው፣ ከመግጠምህ በፊትም መቀመጫው ከጥላሸት ንጹሕ መሆን አለበት።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጠዋት ሳትነግረው ሂድ። ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩን በእጅህ ዳስስ፤ ለብ ካለ ተሰናብተህ ሌላ ቀን ና። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሣና መብራቱን ቁጠር። ሁለት ሴኮንድ ካለፈ ጥርጣሬዬ ጨመረ በለኝ። ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፤ ትንሽ እንፋሎት ያለ ነው፤ እንደ ምድጃ ቡፍ ቡፍ የሚል ጭስ ከወጣ ወይ ሮንዴላዋ ለቃለች ወይ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ዲፕስቲኩን በነጭ ጨርቅ ጥረገውና በጣቶችህ መካከል እሸው፤ የናፍጣ ዘይት መጥቆሩ ያለ ነው፣ መቆርቆሩ ግን ያለ አይደለም። ከዚያ ሻጩን ኮፓው ይውረድ በለው። የታችኛው ኮፓ ትንሽ ላሜራ ነው፤ ቡሎኖቹን ፈትተህ ሲሊኮኑን በቀጭን ስለት ዙሪያውን ታላቅቀዋለህ፣ ወንፊቱ ፊት ለፊትህ ነው። ሻጩ እምቢ ካለ ቢያንስ ዘይቱን አፍስሳችሁ በማፍሰሻው ቀዳዳ ስልክ ላይ የሚሰካ ቀጭን ካሜራ አስገባ። ያንንም እምቢ ካለ መልሱን አግኝተሃል።

አንድ ክልክል አለ። የቀድሞ መካኒኮች የታመመውን ሲሊንደር ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተሩን ቱቦ ዳዶ ያላሉ ነበር። በዚህ ሞተር ማንም እንዳይሞክረው። የናፍጣው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፤ ቆዳ በስቶ ይገባል።

የሙቀቱ ነገር ከዚህ የተለየ ይመስለኛል። ራዲያተሩን ከፊት ብቻ አይተህ አትተወው፣ ከኋላም እየው፤ ከቆላ የመጣ መኪና የራዲያተሩ ክንፍ በጭቃና በገለባ የታጨቀ ነው። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተው ቫልቭ) መኖሩንም አረጋግጥ። መተማ ሞቃት ነው ብለው አውጥተው የሚጥሉ አሉ። በእነዚህ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል፤ ከወጣ ግን ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይዞራል፤ እናም ያቀዘቅዛል የተባለው ዘዴ ዳገት ላይ ያፈላዋል።

ወደ ላንድክሩዘሩ እንምጣ። ማዘግሙ ሕመም አይደለም። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ ያለው ጉድለቱን ያካክሰዋል፤ ይህ 4.2 ሊትር ሞተር ግን የሚተነፍሰው ያገኘውን ነው። መተማ ቆላ ስትወርድ የተሻለ ሲተነፍስ ታየዋለህ። የምፈራው ጉልበት አነሰው ብሎ የናፍጣ ፖምፓውን ከፍቶ ናፍጣ የጨመረበት ሰው እንዳይኖር ነው፤ ዳገት ላይ እንደ ጣውላ መሰንጠቂያ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከሆነ ተነክቷል። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። ፍሪሲዮኑን ለመፈተን የእጅ ፍሬን ይዘህ በአራተኛ ማርሽ ፔዳሉን ቀስ ብለህ ልቀቅ፤ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ይንሸራተታል። ከዚያ ከሥሩ ግባና ሻንሲውን ከኋላ ባሌስትራው ማሰሪያ ጀምረህ እስከ መጨረሻው በእጅ ባትሪ ተከተለው። የፈነዳ ቀለም፣ አዲስ ጥቁር ቅብ፣ የብየዳ ስፌት ካየህ ብዙ ተጎትቶበታል ማለት ነው።

የእኔ ፍርድ? የሃይሉክሱ ወንፊት ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ እንኳ ለዚህ ሥራ ላንድክሩዘሩን እመርጣለሁ። ሒሳቡን ሥራው፦ 2,000 ሊትር ውሃ 2,000 ኪሎ ነው። ታንከሩና ተጎታቹ ተጨምረው ከ2,600 ኪሎ አያንስም። የዚያ ዘመን ሃይሉክስ ፍሬን ላለው ተጎታች የሚፈቀድለት በአብዛኛው ከ2,250 እስከ 2,500 ኪሎ ነው። ላንድክሩዘሩ ራሱ ከባድ ነው፣ ሻንሲው ወፍራም ነው፣ ኮምፒውተር የለውም፤ ቢቆምብህ ገንዳ ውሃም ሆነ ነጋዴ ባህር የሚያስነሣልህ ታገኛለህ። ዝግ ብለህ ትደርሳለህ። ሃይሉክሱ ንጹሕ ከሆነና ልብህ ከወደደው ግን ታንከሩን ባለ 1,200 ሊትር አድርገው።

ፍሬን ለሌለው ተጎታች የሚፈቀደውስ? ለሁለቱም ዓይነት መኪና በተለምዶ 750 ኪሎ ብቻ ነው። ያንተ ባዶውን ወደዚያ ይጠጋል። ከአይከል ወደ ነጋዴ ባህር ስትወርድ 2,600 ኪሎ ከኋላህ እየገፋ፣ የፊት ፍሬንህ ብቻውን ይዞ፣ ሸራው ሲሸት፣ የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ መሬት ድረስ ይገባል። የናፍጣ ሞተር በራሱ የሚይዘውም እንደ ቤንዚኑ አይደለም፤ ቁልቁለቱን ከመጀመርህ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገባ እንጂ መሀል ላይ አትፈልገው። ፍሬን የሌለውን ተጎታች አትጎትት። ደግሜ እለዋለሁ፤ ፍሬን ያሠራለት፣ በሁለቱም አክስል ላይ፣ መኪናው ፍሬን ሲይዝ አብሮ የሚይዝ።

ታንከሩን ደግሞ ወይ ሙሉውን ወይ ባዶውን ውሰደው። ግማሽ ሲሆን ውሃው ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተላጋ ኩርባ ላይ መሪውን ይነጥቅሃል። ውስጡ ባለ ቀዳዳ ላሜራ ከፋፋይ ከሌለው አስበይድለት። መሳቢያውንም (ተጎታቹ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበትን) እየው። ጎንደር ውስጥ በየበያጁ ቤት ኳሱን ባምፐር ላይ በይደው ይሰጡሃል፤ ባምፐር ግን ተጎታች ለመጎተት የተሠራ አይደለም። መሳቢያው ከሁለቱም የሻንሲ አግዳሚዎች ጋር በቡሎን ይታሰር። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተጎታቹ አንድ አሥረኛ አካባቢ ይሁን፤ ታንከሩ ወደ ኋላ ካጋደለ ተጎታቹ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል። ሁለት ሰንሰለትም ከሥሩ አጣምረህ እሰር።

ሃይሉክሱን ለማስፈተሽ እኔ ዘንድ ካመጣኸው ቅዳሜ አታምጣው። ኮፓው ሲመለስ ሲሊኮኑ ማደር አለበት፤ ሐሙስ ጠዋት ካመጣኸው ዓርብ ትወስደዋለህ። 7 ሊትር ያህል ዘይትና ኦሪጅናል ፊልትሮ ይዘህ ና። ዲፕስቲኩን የጠረግህበትን ጨርቅም አትጣለው፣ አምጣልኝ።