ከባድ መኪና አቁሞ በደኅና መውረድ፦ ጥያቄና መልስ

በጅቡቲና በጎጃም መስመር ተሳቢ በመንዳት፣ በኋላም አዳዲስ ሹፌሮችን በማሠልጠን ብዙ ዓመታት አሳልፌያለሁ። መኪናው ከቆመበት ቅጽበት ጀምሮ ሹፌሩ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ስላለው ጊዜ ለጠየቃችሁኝ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ የዓባይን በረሃ ወርደን ድልድዩ ጋ ስንቆም «የእጅ ፍሬን አትያዝ» የሚሉኝ ነባር ሹፌሮች አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ማወቅ ይገባል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በከባድ ማርሽና በሞተር ኃይል በመውረድ ፈንታ የእግር ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሹፌር ታች ሲደርስ የፍሬን ሸራው ይሸታል፣ ታምቡሩም (ሸራው የሚጫነው ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት) ክፉኛ ይግላል። በጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን ቢያዝ ሙቀቱ ፍሬኑን ይጎዳዋል። ስለዚህ ሜዳ ቦታ ይፈልጉ፣ ረዳትዎ ከጎማው ፊት ሳይሆን ከጎን ሆኖ ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚገባ ማገጃ) እስኪያስገባ በእግር ፍሬን ይያዙ፣ ከዚያም ሞተሩን አጥፍተው ማርሽ ያስገቡ። ቦታው ተዳፋት ከሆነ፣ ወይም ታኮ ከሌለ ግን የእጅ ፍሬኑን ያለ ማመንታት ይያዙ፤ ፍሬን ይጠገናል፣ ተንከባሎ የሄደ መኪና የገደለው ሰው ግን አይመለስም። በጋለው ታምቡር ላይ ውኃ መድፋት ብረቱን ስለሚሰነጥቅ አያድርጉት። የጋለ ታምቡር ጎማ ሊያቃጥል ስለሚችልም፣ እስኪበርድ ከመኪናው ርቀው አይሂዱ።

ጥያቄ፦ የተሳቢው የአየር ቱቦ ሲነቀል ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። ታዲያ ታኮ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲነበብልኝ የምፈልገው ይህ ነው። የሚጎትተው መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው በብርቱ ሞላ ስለሆነ አየር ቢያልቅም አይለቅም፤ ብዙ ተሳቢዎች ግን ቱቦው ሲነቀል የሚይዙት በራሳቸው የአየር ጋን ውስጥ በቀረው አየር ነው። ያ አየር ቀስ በቀስ ስለሚያፈተልክ፣ ማታ ይዞ ያደረው ተሳቢ ጠዋት ሊለቅ ይችላል። በመሆኑም የተሳቢውን የራሱን የማቆሚያ ፍሬን ይያዙ፣ ታኮም ያድርጉ። ቱቦውን መልሰው ሲያያይዙ ደግሞ የተሳቢው ፍሬን ወዲያው ሊለቅ ስለሚችል፣ የመኪናው የእጅ ፍሬን ሳይያዝ በመኪናውና በተሳቢው መካከል የገባ ሹፌር በገዛ መኪናው ሊጨፈለቅ ይችላል። እባካችሁ፣ ከጋቢና ከመውረዳችሁ በፊት የእጅ ፍሬኑን በእጃችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ተዳፋት ላይ ስቆም መሪውን ወዴት ላዙር?

መልስ፦ ቁልቁል ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ ዳር። ዳገት ላይ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ካለ ወደ ግራ፣ ከሌለ ወደ ቀኝ።

ጥያቄ፦ ከጋቢና ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል። ዕድሜ ይሆን?

መልስ፦ ዕድሜም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አወራረድዎን ይመርምሩ። ለሰዓታት የተቀመጠ ሰው እግሩ ደንዝዞ እያለ ከዚያ ከፍታ ሲዘል ሸክሙን ሁሉ የሚቀበሉት ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ናቸው። ፊትዎን ወደ ጋቢናው አዙረው፣ ምንጊዜም ሁለት እጅና አንድ እግር ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ መኪናውን እንደያዙ ቀስ ብለው ይውረዱ። ስልክና ሰነድ በእጅዎ አይያዙ። አገራችን በቀኝ ስለሚነዳ የሹፌሩ በር የሚከፈተው መኪና ወደሚያልፍበት ወገን ነውና፣ መስታወቱን ሳያዩ አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ድንበር ላይ ጋላፊ ስንጠብቅ ረዳቴ ለጥላው ሲል ከመኪናው ሥር ይተኛል። ልከልክለው?

መልስ፦ አዎ፣ ይከልክሉት፤ ነገር ግን የአፋር ሙቀት ቀላል አይደለምና ሌላ ጥላ ሳይሰጡ መከልከል ብቻ አይበቃም። ከመኪናው ጎን ሸራ ወጥራችሁ አሳርፉት። ሞተር ከማስነሣትዎ በፊት ዙሪያውን ዞረው ከሥሩ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ የሌላ መኪና ረዳት ወይም ሕፃን ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ድንጋይ እንደ ታኮ ያገለግላል?

መልስ፦ ሌላ ከሌለ ያገለግላል። ሲነሡ ግን ድንጋዩን ከአስፋልቱ ያንሡ፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሹፌሩ በጨለማ ያንን ድንጋይ ሲያየው መሪ ለማዞር ጊዜ አይኖረውም።